ከርብራቡ ላይ የመጣው ድምፅ

ሀረገወይን የላባዋን ኳስ በማንቆርቆሪያው እንፋሎት ላይ እያገላበጠች ሳለ፣ ከስሱ ግድግዳ ወዲያ አሠሪዋ አዚዛ ለባሏ የምትነግረውን ሰማች። «ትናንት ሲጮህ ሀረግ ግቢው ውስጥ ነበረች፤ ድምፁን ታውቀዋለች። ከዐሱር ሶላት በኋላ አደን ሠራተኞቹን ያምጣቸው፤ አንድ በአንድ አፋቸውን ይክፈቱ፤ እሷ ትለይልን።» ጋሽ ታጁ ሻዩን ፉት ሲል ተሰማ። «ካልለየችስ?» አለ። «ካልለየችማ ሁሉም ይጠረጉ። አቦ፣ ሐበሻ መች ጠፋ? ነገ ከድንበሩ፣ ከወጃሌ፣ ጭኖ የሚመጣ መኪና ሞልቷል።» ብርጭቆው ትሪው ላይ ቀጭ አለ። ጋሽ ታጁ እንደ ሚስቱ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። «እኛስ ምንድን ነን አዚዛ?» አላት። ትሪው ወለሉ ላይ ሲሳብ ተሰማ። «እኛማ ተከራይ ነን» አለች። «ለዚህ አይደል የምፈራው።»

ሀረገወይን ነፍስ የገዛችው እንፋሎቱ ጣቷን ሲለበልባት ነው። ኳሷን አንስታ ጨርቅ ላይ አኖረቻት። ኳስ መባሏ እንጂ ኳስ አትመስልም፤ ከታች ክብ ቡሽ፣ ከላይ ዙሪያውን የተሰካ ነጭ የዝይ ላባ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ነገር ናት። የሐርጌሳ አየር ደረቅ ነው፤ ላባውን እንደ ገለባ ያደርገውና አንድ ሁለቴ ሲመቱት ይሰበራል። ለዚህ ነው የአዚዛ ልጅ የዊዳድ አክስት ሂዳያ ከለንደን ሁለት ራኬትና አንድ ቱቦ ሙሉ ኳስ የላከች ጊዜ በስልክ «እንፋሎት አጠጧቸው» ያለችው። ይህም እንደ ሰሃኑና እንደ ልብሱ በሀረገወይን ላይ ወደቀ። ውላ አድራ ግን ወደደችው። ዊዳድ አብሯት የሚጫወት ሰው ስላልነበራት፣ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ፣ ግቢው ውስጥ የልብስ ገመዱ ላይ አንሶላ አንጠልጥለው እንደ መረብ ወዲያና ወዲህ ይቆሙ ነበር። ሀረገወይን በዚህ ዕድሜዋ የጨዋታውን ሥርዓት ለመደች። ኳሷ መሬት መንካት የለባትም፤ የነካችበት ወገን ይሸነፋል። ጨዋታው ሲጀመር ከወገብ በታች ነው የምትመታው፤ ከላይ አውርዶ መጀመር ማጭበርበር ነው። ራኬቱ ፀሐይ ላይ ተጥሎ ከዋለ ክሩ ይላላል፤ የላላ ክር ደግሞ ኳሷን እንደ ሰነፍ እጅ ይቀበላታል እንጂ አይመልሳትም። ሐሙስ ሐሙስ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ግንቡ ከፍ ባለ አንድ የሴቶች ግቢ ልጃገረዶች ተሰብስበው ይጫወታሉ። ከውጭ አገር የተመለሱት ሰዎች ልጆች ዊዳድን ሁልጊዜ ያሸንፏታል፤ እሷም በዚህ እንቅልፍ አጥታለች።

ነገሩ የመጣውም በዚሁ ነው። ከአጥራቸው ወዲያ አደን የሚባል የአገሩ ሰው ጦርነቱ ያፈረሰውን የአባቱን ቤት በፎቅ እየተካ ነው። ግድግዳው በየሳምንቱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ግድግዳው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር የነአዚዛ ግቢ ከላይ እየተገለጠ መጣ። ሰፈሩ ለዚህ መላ አለው። ወደ ርብራቡ የሚወጣ ሠራተኛ መሰላሉ ሥር ቆሞ «ሴቶች፣ ወጣን!» ብሎ ይጣራል። ከታች ያሉት ይከናነባሉ ወይም ይገባሉ፤ ሲጨርሱ ቆርቆሮ ይመቱለታል፤ ያኔ ይወጣል። ከወጣም በኋላ ዓይኑን ከብሎኬቱ አያነሣም። ትናንት ከሠራተኞቹ አንዱ፣ አስረስ፣ ይህን ሁሉ እንደ ሥርዓቱ አድርጓል። ተጣራ፤ ዊዳድ ሻሿን አጠለቀች፤ ሀረገወይን ቆርቆሮውን መታች፤ ወጣ። ሥርዓቱን ያፈረሰችው ዊዳድ ናት። ራኬቱን ወደ ላይ አንስታ፣ «ጋሼ! ቴኒስ ታውቃለህ አሉ፤ እንዲህ ነው የሚያዘው?» አለችው። አስረስ ከገጠር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከአንድ የቴኒስ ሜዳ ዳር ኳስ ሲለቅም ነው ያደገው። የተቦካ ሲሚንቶ የሞላ ባልዲ እንደያዘ ራሱን ረሳ። «አንጓሽን አጥብቂ! እንደ መጥረቢያ ያዢው!» ብሎ ጮኸ። ዊዳድ እንዳላት መታች፤ ኳሷም ተስፈንጥራ ኩሽናው ጣሪያ ላይ ወጣች። ከታች ሳቁ፤ ከላይም ተሳቀ። ምክሩም ለካ ስህተት ነበር። የሜዳ ቴኒስ ኳስ ከባድ ስለሆነች አንጓን ማጥበቅ ትፈልጋለች፤ ላባዋ ግን የምትመታው አንጓን ፈታ አድርጎ፣ ዝንብ እንደሚያባርር እጅ ነው። የሁለቱ ራኬት ቢመሳሰልም ጸባያቸው ለየቅል ነው። አስረስ ይህን የት ያውቃል?

በወዲያኛው አጥር ያለችው ሻምሶ አማርኛ አትሰማም። የሰማችው ወንድ ከላይ ሲጮህ፣ ልጃገረድ ከታች ስትስቅ ነው። ሳይመሽ መጥታ ለአዚዛ ነገረቻት። አዚዛ ልጇን ጠራች። ዊዳድ «እኔ አላውቀውም፤ ዝም ብሎ ነው የጮኸብኝ» አለች፤ ሀረገወይንም በሩ ላይ ቆማ ዝም አለች። ዝም ያለችው ስለ ልጅቱ ብቻ አልነበረም። በዚህ ቤት የተቀጠረች ጊዜ አዚዛ መጀመሪያ የጠየቀቻት «ወንድ ዘመድ አለሽ?» ብላ ነበር፤ በር ላይ ወንድ የሚመላለስባትን ሠራተኛ ማንም አያስገባም። «የለኝም» ብላለች። አስረስ ግን የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ ነው። ያንን ከዚህ ቤት የምታውቀው ዊዳድ ብቻ ናት፤ ቴኒስ ማወቁንም የነገረቻት እሷው፣ ሀረገወይን፣ በወንድሟ ልትኮራ ብላ ነው።

ጋሽ ታጁ ወደ ሱቁ ከሄደ በኋላ አዚዛ ቁርስ ልታደርስለት ስትወጣ፣ ሀረገወይን ጀሪካን አንጠልጥላ ወጣች። የአደን ፎቅ ሥር አሸዋ ተከምሯል፤ ሠራተኞቹ ብሎኬት ከጥላ ወደ ፀሐይ ያመላልሳሉ። አምስት ናቸው፤ አምስቱም ከድንበሩ ማዶ የመጡ ሐበሾች። ሽማግሌው ዘይኑ፣ የወሎው ሰው፣ ውሃ እየረጨ ሲሚንቶ ያቦካል።

«ጋሽ ዘይኑ፣ አስረስ የለም?»

«አለ እንጂ፣ የት ይሄዳል፣ ክንፍ አላወጣ! ምነው፣ ዛሬ ደግሞ እኛንም ራኬት ልታስይዢን ነው?» አለና ወደ ላይ ቀና ብሎ ተጣራ። «አንተ አሠልጣኝ! ተማሪ መጥቶልሃል!»

ሌሎቹ ሳቁ። አንዱ በአካፋ አየሩን መትቶ «አንጓሽን!» አለ። ሀረገወይን ጀሪካኗን መሬት አኖረች። ለካ ሁሉም ያውቃሉ፤ ነገሩም ለነሱ ገና ቀልድ ነው። አስረስ ፊቱ በሲሚንቶ አመድ ነጥቶ፣ ጥርሱን እየገለጠ ወረደ። ከአሸዋው ክምር ጀርባ ወሰደችው።

«ከዐሱር በኋላ ሊያሰልፏችሁ ነው» አለችው። «እኔን ነው ለዪ የሚሉኝ። ይኸውልህ ወንድምዬ፣ አሁኑኑ ተነሥተህ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ወዳጆችህ ዘንድ ሂድ። ነገሩ እስኪበርድ።»

«ልሽሽ?»

«አዎ፣ ሽሽ!»

«ምን አጥፍቼ እታለም? ወጣን ብያለሁ። ቆርቆሮውን የመታሽው አንቺ ነሽ። ልጅቱ ጠየቀችኝ፤ መለስኩላት። ሰው ሲጠይቅ ዝም ይባላል?»

«እዚህ ይባላል።»

አስረስ መዳፉን አሸ። የደረቀው ሲሚንቶ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። «ብሸሽ በነዚህ ላይ ነው የሚያወርዱት» አለ ወደ ጓደኞቹ በአገጩ እያመለከተ። «የዘይኑ ሚስት አራስ ናት። ክርስትና የሚያስነሣ ቢሆን ኖሮ እኔን ነበር አበ ልጅ የሚያደርገኝ፤ እንዲህ እያለ ይቀልዳል። ልጅቱ ናት የጠራችው በያቸው። እውነቱ እሱ አይደል? እውነት ተናግሮ ማን ሞተ?»

ሀረገወይን ለዚህ መልስ ነበራት፤ ግን ከአሸዋው ማዶ የአደን መኪና ድምፅ ሲሰማ ጀሪካኗን አንስታ፣ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ውሃ ሳትቀዳ መመለሷ ትዝ ያላት በራቸው ላይ ደርሳ ነው።

ዊዳድ ያን ቀን ትምህርት ቤት አልተላከችም። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መሬት የተነጠፈ ፍራሽ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ቁም ሣጥን፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ ወደ አደን ፎቅ ያይ ነበር፤ አዚዛ ማለዳ ተነሥታ ካርቶን በምስማር መትታበታለች። ሁለቱ ራኬቶች ከነማኅደራቸው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ የልጅቱ እጅ በማይደርስበት ተጥለዋል። ዊዳድ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ሀረገወይን ልታጥፍ የመጣችውን ልብስ ፍራሹ ጫፍ ላይ አኑራ በሩን ገፋ አደረገችው።

«ለእናትሽ ንገሪያት» አለቻት በሹክሹክታ። «እናት ናት እኮ። ትቆጣለች፣ ትጮሃለች፣ ቢበዛ በጥፊ ትልሻለች፤ ያልፋል።»

«ለእናቴ ከነገርኳት አባቴ ይሰማል። አባቴ ከሰማ አጎቴ ይሰማል።» የልጅቱ ድምፅ ደርቋል። «ጅጅጋ ነው የሚልኩኝ ሀረግዬ። ሊያገባኝ የሚፈልገው ሰውዬ እዚያ አለ። ካለፈው ረመዳን ጀምሮ እየጠየቀ ነው፤ እናቴ ናት ትማር ብላ የያዘችኝ። ወንድ ጠርታ አናገረች ከተባለ ምን ብላ ትይዘኛለች?»

ሀረገወይን አንድ ቀሚስ አጠፈች፤ መልሳ ፈታችው፤ መልሳ አጠፈችው። ደብረ ታቦር ከእናቷ ዘንድ ትታት የመጣች ዓለምነሽ የምትባል ልጅ አለቻት፤ የዊዳድ እኩያ። የዓለምነሽ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ከዚህ ቤት በሚላክ ደመወዝ ነው፤ እንዳትዳር የሚከለክላትም ያው ደመወዝ ነው። የዚችን ልጅ ፊት ባየች ቁጥር ያችኛዋ ትመጣባታለች። እናት የሆነ ሰው ክፉ ዕጣ አለው፤ በሰው ልጅ መጨከን አይሆንለትም።

«አንቺ ብቻ ከነሱ ውስጥ የለም በይ» አለች ዊዳድ።

«የለም ካልኩ አምስቱም ይባረራሉ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። ይህን አላሰበችም ነበር፤ ፊቷ ላይ ይነበባል። ተመልሳ ጉልበቷን አቀፈች። ሀረገወይን ልብሱን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደርድራ ወጣች።

ለምሳ አዚዛና እሷ ኩሽና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሽንኩርት ሲከትፉ፣ በመካከላቸው የቢላዋ ድምፅ ብቻ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን አዚዛ አፏ አያርፍም፤ ቲማቲም ናረ፣ ዘይቱ ውሃ ተቀላቅሎበታል፣ የበርበራው መንገድ ተበላሽቶ ዕቃ ዘገየ፣ እያለች ትቀጥላለች። ዛሬ ሽንኩርቱን ሳይሆን ጣቷን የምትከትፍ ይመስል ነበር። ብዙ ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ «ሻምሶ ያከራየን ሰውዬ እህት ናት» አለች። «ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ድሬዳዋ አይደለንም። ዛሬ የልጄ ስም ካልጸዳ፣ ነገ ቤቱ ይፈለጋል እንባላለን። ቤቱን ሲያጣ ታጁ ሱቁን ያጣል። ወላሂ ሀረግ፣ ክፋት አይደለም።» ቢላዋ የያዘው እጇ ቆመ። «አንቺን ማንም አይነካሽም። እውነቱን ብቻ ተናገሪ፤ አላህ ያያል።»

ሀረገወይን ቢላዋዋን አስቀመጠች። የሽንኩርቱ እንባ ወይም ሌላው እንባ ዓይኗን ሞልቶታል። «እትዬ» አለች። «እኔ አንድ ነገር...»

በዚያው ቅጽበት ጋሽ ታጁ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጫማውን አላወለቀም። «አደን እሺ ብሏል» አለ። «ወንበር አውጡ። ሻምሶም ትምጣ፤ በጆሮዋ ትስማ።» አዚዛ ዓይኗን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ተነሣች። ሀረገወይን የጀመረችውን ቃል የሚያስታውስ አልነበረም።

ዐሱር ተሰግዶ ሲያበቃ ግቢው ተሞላ። አደን በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠ፤ ወፍራም፣ የደከመው፣ ጢሙን በሒና ያቀላ ሰው ነው። በጦርነቱ ዘመን ጅጅጋ አጠገብ ስደተኛ ሳለ አማርኛ ለምዷል፤ ሴቱንና ወንዱን ግን አሁንም ያደበላልቃል። ሻምሶ በር ዳር በርጩማ ላይ ሆና መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ጋሽ ታጁ ቆሟል። አዚዛ ከሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ናት። አምስቱ ሠራተኞች የልብስ ገመዱ ሥር ተሰለፉ፤ ቆባቸውን አውልቀዋል፤ ጠዋት በአካፋ ይቀልድ የነበረው ልጅ አሁን ቆቡን በሁለት እጁ ይጠመዝዛል። ሀረገወይንን ፊቷን ወደ ግንቡ አዙረው አቆሟት፤ ድምፁን እንጂ ሰውየውን እንዳታይ። ግንቡ ላይ የጥይት ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ተደፍነዋል። ድፍኑ ከሌላው ቀለም ይለያል።

«በሉ» አለ ጋሽ ታጁ። «ትናንት የተባለውን ቃል፣ ልክ እንደዚያው።»

የመጀመሪያው «አንጓሽን አጥብቂ» አለ፤ ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። ሁለተኛው በችኮላ ተፋው። ሦስተኛው ጥቂት ዘገየ። ሀረገወይን ጸለየች። ድምፁን ይቀይረው፣ ያጎርንነው፣ ይሳል፣ ምንም ያድርግ። አስረስ ግን በራሱ ድምፅ፣ ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠራበት በነበረው ጥርት ያለ ድምፅ፣ «አንጓሽን አጥብቂ» አለ። ውሸት ያልለመደ ሰው ሌላ ድምፅ ከየት ያመጣል? አራተኛው አለፈ። ዘይኑ በመጨረሻ፣ «አስተግፊሩላህ፣ በሽምግልናዬ» ብሎ፣ ቃሉን አፉ ውስጥ አላምጦ ተናገረው።

«እሺ እህቴ» አለ አደን። «የትኛው ነው? ንገረኝ።»

«ከነዚህ ውስጥ የለም» አለች ሀረገወይን ለግንቡ።

ጋሽ ታጁ ወደ አደን፣ አደን ወደ ሻምሶ አየ። ሻምሶ በሶማሊኛ አጭር ነገር ተናገረች። አደን ጢሙን አሻሸ። «ስማኝ» አለ። «እኔ ጠብ አልፈልግም። እኔ ፎቅ ነው የምፈልገው። ግን ከዚህ ፎቅ ነው የጮኸው፤ ጂን አይደለም። አንዱ ካልታወቀ አምስቱም ዛሬ መኪና ይገባል፤ ወጃሌ። ሌላ ሰው አመጣለሁ። ምን ላድርግ?»

ሻምሶ መቁጠሪያዋን መቁጠሯን ቀጠለች። ከዚያ የዘይኑ ጫማ በጠጠሩ ላይ ሲጎተት ሰማችው፤ ከጀርባዋ መጥቶ ቆመ። የሲሚንቶና የላብ ሽታው ደረሳት። «እኅቴ» አለ። «በፈጠረሽ። ቤቴ አራስ ትታ... ሚስቴን አራስ ቤት ትቻት ነው የመጣሁት። አንቺ ታውቂዋለሽ። አንዱን በይና እኛን ልቀቂን።» እሱም ያውቀዋል። አራቱም ያውቁታል። ማንኛቸውም ስሙን በአፋቸው ሊያነሡት አልፈለጉም፤ በሷ አፍ እንዲወጣ ነው የሚጠብቁት።

ዞረች። ልትናገር ነበር፤ ልጅቱ ናት የጠራችው፣ እሱ ወንድሜ ነው፣ ቆርቆሮውን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ልታወጣው ነበር። ዓይኗ በመጋረጃው ላይ አረፈ። መጋረጃው መሬት አይደርስም። ከሥሩ የአዚዛ ነጠላ ጫማ ይታያል፤ ከሱ ኋላ ሁለት ባዶ እግሮች ቆመዋል፤ ጣቶቻቸው ወለሉን ሊይዙት እንደሚፈልጉ ተጨብጠዋል። ከዚያ አስረስን አየችው። አስረስም ወደ መጋረጃው ሥር አይቶ ነበር። ዓይኑን መልሶ ሲያሳርፍባት፣ በሲሚንቶ በነጣው ፊቱ ላይ ቁጣ አጣችበት። ቁጣ ቢኖር ይሻላት ነበር። ራሱን በቀስታ፣ እሷ ብቻ እንድታየው ያህል፣ ወደ ታች ነቀነቀ።

«ሦስተኛው ነው» አለች።

አደን ከወንበሩ ሳይነሣ አስረስን አየው። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጅቱ ተናገረህ?»

«ማንም አላናገረኝም። ራሴ ነኝ የጮኽኩት።»

አደን ይህን ለሻምሶ ተረጎመላት። ሻምሶ ወደ መጋረጃው ዞራ ደግ የሚመስል ነገር ተናገረች፤ ከመጋረጃው ጀርባ የአዚዛ «አልሐምዱሊላህ» እንደ ሲቃ ወጣ። ጋሽ ታጁ ወደ አስረስ ተጠጋና በጥፊ መታው። በሕይወቱ ሰው መትቶ የማያውቅ ሰው እጅ ነበር፤ ጉንጩን ሳተና ጆሮውን ነካው። ሰው እያየ ስለሆነ መድገም እንዳለበት አውቆ ደገመው። ሀረገወይን ሳታውቀው «እህህ!» ብላ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ጋሽ ታጁ ዞሮ አያት፤ መልሶ አስረስን አየ፤ ግንባራቸውን፣ የዓይናቸውን አቀማመጥ። የገባው ነገር እንዳለ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም» አለ አስረስ።

«አታውቃትም?»

«የአገሬ ሰው ትመስላለች፤ አላውቃትም ግን።»

ጋሽ ታጁ ሌላ አልጠየቀም። የገባው ነገር ተመልሶ እንዲወጣለት የሚፈልግ ሰው ይመስል ነበር። አስረስ የሸሚዙን አቧራ አራገፈ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። በአጠገቧ ሲያልፍ ፊቱን አላዞረም፤ የሚያውቀውን ሰው ያለማየት ከብዶት፣ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ተገትሮ ነበር። የአደን ሾፌር አስረስን ጭኖ ወደ ወጃሌ ተነሣ። ሀረገወይን በሩን የዘጋችው እሷ ናት፤ በር መዝጋት ሥራዋ ነው።

አዚዛ ከመጋረጃው ወጥታ አቀፈቻት። «አላህ ይስጥሽ ሀረግ፤ ቤቴን አዳንሽልኝ። ዘመድ ቢሆን እንኳ እንዲህ አይቆምልኝም።» ሀረገወይን እጆቿን ወደ ጎን አንጠልጥላ ቆመች። ዊዳድ አልወጣችም፤ ክፍሏን ከውስጥ ዘግታለች። ጋሽ ታጁ ከአደን ጋር ተነጋግሮ ዛሬውኑ ግንቡ ላይ ብሎኬት እንዲጨመር ተስማማ፤ ገንዘቡን አልተከራከረም። የቀሩት አራቱ ሳይመሽ ለመጨረስ እየተጣደፉ ብሎኬት አቀበሉ፤ ለዘይኑ ደግሞ መደርደሩ ደረሰው። ሥራው ያለ ወሬ፣ ያለ ቀልድ ሄደ። ፀሐይዋ ገና ታቃጥላለች፤ ነፋሱም ተነሥቶ የሲሚንቶውን አመድ ፊታቸው ላይ ይበትነዋል።

ሀረገወይን ኩሽና ገብታ ምን እንደምትሠራ ጠፋት። እጇ የለመደውን አደረገ፤ ጆጉን ከበርሜሉ ሞላች፤ ብርጭቆ ያዘችና ወጣች። ሦስቱ ከግንቡ ወዲያ ነበሩ። ዘይኑ ብቻ መሰላሉ ሥር ቆሞ የሲሚንቶ ማንኪያውን በድንጋይ ላይ ይጠርጋል። ከንፈሩ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል፤ ምላሱን አውጥቶ ያርሰዋል፤ ወዲያው ይደርቅበታል። ብርጭቆውን ሞልታ፣ እንደ አገሩ ደንብ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ፣ አቀረበችለት።

ዘይኑ ውሃውን አየው። ጉሮሮው ወጥቶ ወረደ።

«ጠጥቻለሁ እኅቴ» አለ።

«ጋሽ ዘይኑ...»

«ጠጥቻለሁ፤ ይስጥልኝ» አለና ብሎኬቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ጀርባውን ሰጣት።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። የብርጭቆው ውሃ ላይ የሲሚንቶ አመድ እየወረደ ስስ ነጭ ነገር አለበሰው። ከሳሎኑ የአዚዛ ድምፅ መጣ፤ «ሀረግ! እንዳትደፊው፣ ወደ በርሜሉ መልሺው!» ሀረገወይን አልደፋችውም፤ አልመለሰችውምም። ከግንቡ ሥር እንደቆመች፣ ከነአመዱ፣ ራሷ ጠጣችው።